ያውቁ ኖሯል? የማሸጊያ ፊት ቅቤ አንጓች ነው

የዛሬው ዓምድ የተነሣው ከአንድ ባዶ የብስኩት ወረቀት ነው። ሰባተኛ ክፍል ሳይንስ ሳስተምር፣ ስለ ቅባት የሚያወራው ትምህርት ላይ ስንደርስ «ነገ ከቤታችሁ ባዶ ማሸጊያ ይዛችሁ ኑ» አልኳቸው። በማግስቱ ክፍሉ የሰፈር ሱቅ መስሎ ዋለ። የዘይት ጀሪካን፣ የወተት ካርቶን፣ የቺፕስ ላስቲክ፣ የኦቾሎኒ ቅቤ ዕቃ ሳይቀር መጣ። የሁሉም ፊት ይስቃል፤ አንዱ ላይ ቀይ ልብ፣ አንዱ ላይ የስንዴ ዛላ፣ ሌላው ላይ መስክ ላይ የምትግጥ ላም። ገልብጠን ጀርባቸውን ስናነብ ግን ወሬው ሌላ ሆነ። ከዚያ ወዲህ ያጠራቀምኩትን እነሆ፣ በጥድፊያ። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ያውቁ ኖሯል? 1 ግራም ቅባት 9 ካሎሪ ይሰጣል። ያው 1 ግራም ስኳር፣ ዱቄት ወይም ፕሮቲን የሚሰጠው 4 ብቻ ነው። አልኮል መካከል ገብቶ 7 ይሰጣል። ስለዚህ ማሸጊያው ጀርባ «ቅባት 10 ግራም» የሚል ካዩ በ9 ያባዙት፤ 90 ካሎሪው ከቅባት የመጣ ነው። ማባዛት የሚችል የአራተኛ ክፍል ልጅ ይህ አያቅተውም።

እነዚህን 4 እና 9 የሚባሉ ቁጥሮች ዓለምን ያስለመዱት ዊልበር አትዎተር የሚባሉ አሜሪካዊ ኬሚስት ናቸው። በኮኔቲከት በሚገኘው ዌስሊያን ዩኒቨርሲቲ አልጋ፣ ወንበርና ጠረጴዛ ብቻ የምትይዝ ጠባብ ክፍል አሠርተው፣ ሰው ለቀናት እየዘጉባት የሚበላውን፣ የሚተነፍሰውንና ከገላው የሚወጣውን ሙቀት ይለኩ ነበር። አልኮልም ለሰውነት ጉልበት ይሰጣል ብለው ውጤታቸውን ሲያሳውቁ የመጠጥ ተቃዋሚዎች ተቆጡባቸው። ቁጥር መቼም የሰው ፊት አያይም።

ማሸጊያ ላይ «ካሎሪ» የሚባለው በእውነቱ ኪሎ ካሎሪ መሆኑንስ? 1 ኪሎ ግራም ውሃን በ1 ዲግሪ ሴልሺየስ የሚያሞቅ ጉልበት ማለት ነው። ከአውሮፓ የመጣ ዕቃ ላይ ኪሎ ጁል የሚል ግዙፍ ቁጥር ቢያዩ አይደንግጡ፤ በ4.2 ገደማ ሲያካፍሉት ካሎሪው ይወጣል።

ያውቁ ኖሯል? አንዲት ኦቾሎኒ በመርፌ ተሰክታ እሳት ቢለኩሱባት እንደ ኩራዝ ትነዳለች። ምክንያቱም ክብደቷ ግማሽ ያህሉ ዘይት ነው፤ በ100 ግራም 49 ግራም ገደማ። ክፍል ውስጥ ከላይዋ ትንሽ ውሃ ያለበት የመስታወት ቱቦ ይዘን ቴርሞሜትሩ ሽቅብ ሲወጣ ልጆቹ ማመን አቃታቸው። የገብስ ቆሎ ስንሞክር ይከስላል እንጂ እንዲያ አይንቦገቦግም። ሁለቱም በአንድ ሰሃን ተቀላቅለው «ቆሎ» ይባላሉ፤ በካሎሪ ግን ዘመድም አይደሉም። ይህን የሚሞክር መምህር ሁለት ነገር አይርሳ፦ እሳቱን ራሱ ይያዝ፣ ከተማሪዎቹ መካከል ለኦቾሎኒ አለርጂ ያለበት እንዳለ አስቀድሞ ይጠይቅ።

እሳት ለማይፈልግ ክፍል ወረቀት ይበቃል። ሳምቡሳ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ብስኩትና ቁራጭ ካሮት ለየብቻ ወረቀት ላይ አሻሽተው ፀሐይ ላይ ይተዉት። ውሃ ያረጠበው ይደርቃል፤ ቅባት የነካው ወደ መስኮት ሲያነሡት ብርሃን ያሳልፋል። ሳምቡሳ የሚጠቀለልባት የደብተር ወረቀት ይህን ሙከራ በየቀኑ ትሠራው የለ!

ዛሬ ዓለም የሚያውቀው ጥቁርና ነጭ የምግብ ይዘት ሰንጠረዥ አሜሪካ ተወለደ። ሕጉ በ1990 ወጣ፣ ሰንጠረዡ ከ1994 ጀምሮ በግዴታ ታተመ። መልኩን የሠሩት በርኪ ቤልሰር የሚባሉ ንድፍ አውጪ ናቸው። ሥዕል የለው፣ ቀለም የለው፤ ወፍራም መስመር፣ ቀጭን መስመር፣ ፊደል፣ ቁጥር። ከዚያ በኋላ ብዙ አገሮች ይህንኑ መልክ ተከትለዋል።

በ2016 ሰንጠረዡ ሲታደስ «ከቅባት የመጣ ካሎሪ» የሚለው መስመር መሰረዙንስ ያውቁ ኖሯል? ለጤና ከቅባቱ ብዛት ይልቅ ዓይነቱ ይበልጥ ወሳኝ መሆኑ ስለታመነበት ነው። እውነትም አንድ ትውልድ ሙሉ «ቅባት የሌለው» የሚል ጽሑፍ እያሳደደ፣ በቅባቱ ፋንታ የተጨመረውን ስኳር ሲበላ ከርሟል። የተጨመረ ስኳር የሚለው መስመር ወደ ሰንጠረዡ የገባው በዚያው እድሳት ነው።

አሁን ወደ ዋናው ወጥመድ። ከተማሪዎቼ አንዷ ያመጣችው የቺፕስ ላስቲክ ጀርባ «160 ካሎሪ፣ ቅባት 10 ግራም» ይላል። ክፍሉ ሁሉ «ያን ያህልም አይደለም» አለ። ከቁጥሩ በላይ ያለችውን ትንሿን መስመር እንድታነብ ጠየቅኳት፦ በላስቲኩ ውስጥ 3 ድርሻ አለ። ልጅቷ ላስቲኩን ገለባብጣ አየችና «መምህር፣ ይቺን ሦስት ሰው ነው እንዴ የሚበላት?» አለች። ላስቲኩን ብቻዋን ነበር የጨረሰችው። 480 ካሎሪ፣ 30 ግራም ቅባት። ከዚያ ቀን በኋላ የክፍሉ የመጀመሪያ ጥያቄ «ስንት ነው?» መሆኑ ቀርቶ «የስንቱ ነው?» ሆነ።

ድርሻ ማለት ሊበሉት የሚገባ ልክ አይደለም። በአሜሪካ ሕግ ሰዎች በአንድ ጊዜ የሚበሉት ይሆናል ተብሎ የሚወሰድ መጠን ነው። ሰው ብዙ ሲበላ ድርሻውም ያድጋል፤ የአይስክሬም ድርሻ በ2016ቱ እድሳት ከግማሽ ስኒ ወደ ሁለት ሦስተኛ ስኒ ከፍ ያለው ለዚህ ነው። ይህን ሳያውቅ ድርሻውን እንደ ሐኪም ትእዛዝ የሚቆጥር ስንት አለ።

ያውቁ ኖሯል? 0 ሁልጊዜ 0 አይደለም። በአሜሪካ ደንብ በአንድ ድርሻ ከ0.5 ግራም በታች የሆነ ቅባት «0» ተብሎ መጻፍ ይችላል። ምጣድ ላይ የሚረጨውን የዘይት ቆርቆሮ ይውሰዱ፤ ውስጡ ያለው ከሞላ ጎደል ዘይት ብቻ ነው፣ ጀርባው ግን «ቅባት 0 ግራም» ይላል። ድርሻው የሰከንድ አንድ አራተኛ ርጭት፣ ማለትም 0.25 ግራም ስለሆነ ነዋ! የሰከንድ ሩብ ብቻ ረጭቶ እጁን የሚሰበስብ ሰው ካለ ያስተዋውቁኝ።

5 እና 20። እነዚህን ሁለት ቁጥሮች ልጆች በቀላሉ ይይዟቸዋል። የዕለት ድርሻ በመቶኛ ከሚለው ዓምድ ሥር 5 ወይም ከዚያ በታች ከሆነ ጥቂት፣ 20 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ብዙ ነው። መቶኛው የሚሰላው በቀን 2,000 ካሎሪ ለሚበላ ሰው ነው፤ በዚህ ስሌት የቀኑ ጠቅላላ ቅባት 78 ግራም፣ ሳቹሬትድ የሚባለው ዓይነት ደግሞ 20 ግራም ነው። ትራንስ ፋት የሚባለው ዓይነት (ታሪኩን ኋላ እናየዋለን) ግን መቶኛ የለውም፤ ቦታው ባዶ ነው። ይበሉ የሚባል ልክ ስለሌለው ነው።

ሳቹሬትድ ያልነው ቅባት በአጭሩ የሚረጋው ነው፤ ቅቤ፣ ሞራ፣ ጮማ፣ የኮኮናት ዘይት። የማይረጉት እንደ ኑግ፣ ሰሊጥና ወይራ ያሉት በአብዛኛው አንሳቹሬትድ ናቸው። ዓይን ግን ይሳሳታል። የፓልም ዘይት ግማሽ ያህሉ ሳቹሬትድ ነው፤ አዲስ አበባ በጠዋት ብርድ ረግቶ ያደረው፣ ሰመራ ሲደርስ ውሃ ይመስላል። የተለወጠው አየሩ እንጂ ዘይቱ አይደለም። ተጣርቶ በብርድም እንዳይረጋ የተደረገው ፓልምም ቢሆን ሳቹሬትዱ ብዙ ነው፤ ስለዚህ መፍሰሱን ሳይሆን ቁጥሩን ያንብቡ።

«ኮሌስትሮል የሌለው» የሚል የዘይት ጀሪካን አይተው ያውቃሉ? ውሸት አይደለም። ከዕፅዋት በተጨመቀ ዘይት ውስጥ ከቁጥር የሚገባ ኮሌስትሮል ድሮም የለም፤ ኮሌስትሮል የእንስሳት ነገር ነው። እንዲህ ብሎ መጻፍ «አጥንት የሌለው ሽሮ» ብሎ እንደ መሸጥ ነው። በደም ውስጥ ያለውን መጥፎ ኮሌስትሮል ይበልጥ ከፍ የሚያደርገው ደግሞ ከምግብ የሚገባው ኮሌስትሮል ሳይሆን ሳቹሬትድና ትራንስ ቅባት ነው። ልቡ የተሣለበት ጀሪካን ግማሹ ሳቹሬትድ ሊሆን ይችላል ማለት ነው።

እስቲ በዚሁ ጀሪካን እንቆይ፤ ከክፍል ውስጥ ሒሳቦች ሁሉ የምወደው ይህ ነው። 5 ሊትር ዘይት 5 ኪሎ አይደለም። ዘይት ከውሃ ይቀላል፣ 1 ሊትሩ 920 ግራም ገደማ ነው፤ ጀሪካኑ 4.6 ኪሎ ይሆናል። አምስት ነፍስ ያለበት ቤት ይህን በ30 ቀን ቢጨርስ ለአንድ ሰው በቀን 31 ግራም ገደማ ይደርሰዋል፤ 276 ካሎሪ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2023 ባወጣው መመሪያ ቅባት ከቀኑ ካሎሪ ከ30 በመቶ፣ ሳቹሬትዱ ከ10 በመቶ፣ ትራንሱ ከ1 በመቶ እንዳይበልጥ ይመክራል። በ2,000 ካሎሪ ሲሰላ ጠቅላላው 67 ግራም ያህል፣ ሳቹሬትዱ 22 ግራም ያህል፣ ትራንሱ 2.2 ግራም ነው። 31 ግራሟ ታዲያ ከ67 ብዙም አይደለችም። ዘይቱ ፓልም ከሆነ ግን ከዚያው 31 ግራም ውስጥ 15 ግራም ያህሉ ሳቹሬትድ ነው፤ ገና ሥጋ፣ ወተትና ቅቤ ሳይነኩ ከ22ቱ ሁለት ሦስተኛው አለቀ። ዘይቱ ከፈረንጅ ሱፍ የተጨመቀ ከሆነ ከ4 ግራም በታች ነው። ያው ወጥ፣ ያው ማንኪያ። በእርግጥ የሚገዛው ዘይት የሚመረጠው በኪስ ነው፤ ርካሹን የገዛችን እናት በልጇ ፊት ለማሳጣት ይህን ሒሳብ የሚያስተምር መምህር ካለ ቢተወው ይሻላል። ማንኪያ መቀነስ ግን ገንዘብ አይጠይቅም።

«ሱፍ» ስንል ግን የትኛውን? በፍትፍቱ የምናውቀው የአበሻው ሱፍ አንድ ተክል ነው፤ ጠርሙሱ ላይ ፀሐይ የመሰለ ትልቅ ቢጫ አበባ ያለበት የፈረንጅ ሱፍ ሌላ ነው። ገበያው ሁለቱንም «የሱፍ ዘይት» ይላቸዋል። ደግነቱ ሁለቱም ሳቹሬትዳቸው ጥቂት ነው።

ያውቁ ኖሯል? ቅባት ጨርሶ ያልበላ አካል ይታመማል። ጆርጅ እና ሚልድረድ በር የተባሉ ባልና ሚስት በ1929 ሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ቅባት የሌለው ምግብ ብቻ የሰጧቸው አይጦች እድገታቸው ቆመ፣ ጅራታቸው እየቀረፈ ቆሰለ። ያዳናቸው ሊኖሌይክ አሲድ የሚባለው ቅባት ነበር፤ ሰውነት ራሱ ሊሠራው አይችልምና የግድ ከምግብ መምጣት አለበት። ይህ ቅባት በብዛት ከሚገኝባቸው ዘይቶች አንዱ የኛው ኑግ ነው። የኑግ የትውልድ አገሩም ኢትዮጵያ ናት፤ በሳይንሳዊ ስሙ ላይ እንኳ «አቢሲኒካ» የሚል ተለጥፎበታል።

ተልባስ? ከዘይቱ ከግማሽ በላይ የሚሆነው ኦሜጋ 3 ነው። ግን ፍሬው ሳይፈጭ ከተዋጠ አብዛኛው እንዳለ ገብቶ እንዳለ ይወጣል። እናቶቻችን ቆልተው፣ ወቅጠው፣ ነፍተው ነው የሚበጠብጡት፤ ውጭ አገርም «ተልባ ሳይፈጭ አይበላ» የሚል ምክር አለ።

ኤ፣ ዲ፣ ኢ እና ኬ የሚባሉት ቫይታሚኖች የሚሟሙት በቅባት ነው። ካሮትና ጎመን ውስጥ ያለው የቫይታሚን ኤ መነሻም ዘይት ጠብ ሲልበት ሰውነት በደንብ ይወስደዋል። የተጠበሰ ጎመን ከተቀቀለው ጎመን የሚሻልበት አንድ ቦታ ይህ ነው። ከ2 ዓመት በታች ላለ ሕፃን ደግሞ ቅባት አይቀነስም፤ የእናት ጡት ወተት ራሱ ከካሎሪው ግማሽ ያህሉ ከቅባት የሚመጣ ነው።

ቅቤ ላይ ደረስን። ከ100 ግራም የፋብሪካ ቅቤ 81 ግራም ያህሉ ቅባት፣ ከዚያም 51 ግራም ያህሉ ሳቹሬትድ ነው። ቀሪው በአብዛኛው ውሃ ነው። ኮረሪማ፣ ኮሰረት፣ በሶብላ ገብቶበት ሲነጠር ውሃው ይተናል፣ የወተቱ ዝቃጭ ከሥር ይቀራል፤ ንጥሩ ከሞላ ጎደል ቅባት ብቻ ሆኖ ይወጣል። ሳይበላሽ የሚቆየውም ለዚህ ነው። በማንኪያ ሲሰላ ደግሞ ንጥሩ ከለጋው ይበልጣል። ሦስት የሾርባ ማንኪያ ቅቤ የቀኑን ሳቹሬትድ ቅባት ልክ ይሞላል፤ ክትፎ ቤት ሦስት ማንኪያ የሚቆጥር አስተናጋጅ ግን አላየሁም፣ እኔም እንዲቆጥርልኝ አልፈልግም። በበዓል ቀን ሒሳብ አይወራም።

ጾም ሲገባስ? የተዋሕዶ ምእመናን በዓመት ከ180 ቀን በላይ ከሥጋና ከቅቤ ይርቃሉ። «የጾም» የሚለው ቃል ግን የሃይማኖት ቃል እንጂ የቅባት ልኬት አይደለም። የጾም ኬክ፣ የጾም ብስኩት፣ ዘይት የጠጣ ሳምቡሳ ሁሉም የጾም ናቸው። የአትክልት ቅቤ የተባለው ደግሞ ብዙውን ጊዜ እንዲረጋ የተደረገ ዘይት ነው። ጀርባው ላይ ሌላም ነገር ይፈለጋል፦ ኢ471 የሚባለው ማዋሐጃ ከዕፅዋትም ከእንስሳም ስብ ሊሠራ ይችላል፤ ለጿሚውም ሐላል ለሚጠብቀውም ጉዳይ ነው። ከቁጥሩ ብቻ አይለይም፤ ማሸጊያው «ከዕፅዋት» ካላለ መጠየቅ ነው።

ማርጋሪንን የፈጠሩት ፈረንሳዊው ኢፖሊት ሜዥ ሙሪዬስ ናቸው፣ በ1869። የፈረንሳዩ ንጉሠ ነገሥት ሣልሳዊ ናፖሊዮን ለባሕር ኃይሉና ለድሃው ርካሽ የቅቤ ምትክ ፈልገው ነበር። የመጀመሪያው ማርጋሪን ታዲያ የአትክልት አልነበረም፤ ከበሬ ሞራና ከወተት ነው የተሠራው። ስሙ የመጣው ዕንቁ ከሚለው የግሪክ ቃል ነው።

ይህን ሲያነቡ እንዳይስቁ፦ ኒው ሃምፕሻየር የተባለችው የአሜሪካ ግዛት በ1891 ማርጋሪን ሁሉ ሮዝ ቀለም እንዲቀባ አዛ ነበር፤ ቅቤ መስሎ ሰው እንዳያታልል፣ ይልቁንም ሰው እንዲጸየፈው። የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1898 ሻረው። የወተት አገር በሆነችው ዊስኮንሲን ደግሞ ቢጫ ማርጋሪን መሸጥ እስከ 1967 ክልክል ስለነበር ሰዎች ድንበር ተሻግረው ከኢሊኖይ ይገዙ ነበር። ኮንትሮባንድ፣ በማርጋሪን።

ትራንስ ፋት ረዘም ያለ ታሪክ አለው። ጀርመናዊው ኬሚስት ዊልሄልም ኖርማን በ1902 ፈሳሽ ዘይትን በሃይድሮጅን ጋዝ ማርጋት የሚቻልበትን ዘዴ በስማቸው አስመዘገቡ። በ1911 ከጥጥ ፍሬ ዘይት የተሠራው ክሪስኮ አሜሪካ ገበያ ላይ ዋለ። መጋገሪያ ቤቶች ወደዱት፤ ርካሽ ነው፣ ቶሎ አይሻግትም፣ ብስኩቱን ፍርክስክስ ያደርገዋል። ችግሩ ዘይቱ ሙሉ በሙሉ ሳይረጋ መንገድ ላይ ሲቆም የሚፈጠረው ትራንስ የሚባለው ቅባት ነው፤ መጥፎውን ኮሌስትሮል ከፍ፣ ጥሩውን ዝቅ ያደርጋል። ሁለቱን በአንዴ የሚያበላሽ ሌላ ቅባት እምብዛም የለም።

ፍሬድ ከመሮው የሚባሉ የኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ በ1957 በሞቱ ሰዎች የደም ሥር ውስጥ ትራንስ ፋት ማግኘታቸውን ጻፉ። ሰሚ አላገኙም። ለአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን በ2009 አቤት አሉ፤ መልስ ሲዘገይ በ2013 በ98 ዓመታቸው መሥሪያ ቤቱን ከሰሱ። ባለሥልጣኑ በከፊል የረጋ ዘይት ከምግብ እንዲወጣ በ2015 ሲወስን እኚህ ሰው 100 ዓመት አልፏቸው ነበር። በ2017 በ102 ዓመታቸው ዐረፉ። እሳቸው ራሳቸው ቅቤና እንቁላል ይበሉ ነበር።

በፋብሪካ ትራንስ ፋት ላይ ገደብ በመጣል ዴንማርክ በ2003 ቀደመች። የዓለም ጤና ድርጅት በ2018 ሁሉም አገር እንዲያስወግደው ጥሪ ሲያደርግ በየዓመቱ እስከ 500,000 ሰው በልብ በሽታ ሰበብ ይገድላል ብሎ ገምቶ ነበር። በጥር 2024 ድርጅቱ ለመጀመሪያ ጊዜ «አስወግደዋል» ብሎ የምስክር ወረቀት ከሰጣቸው አምስት አገሮች አንዷ ሳዑዲ ዓረቢያ ናት። ሌሎቹ ዴንማርክ፣ ሊትዌኒያ፣ ፖላንድና ታይላንድ ናቸው። እርስዎ ማሸጊያ ላይ የሚፈልጉት ቃል «ፓርሺያሊ ሃይድሮጅኔትድ» የሚለውን ነው፤ ከቁጥሩ በፊት የቅመሞቹን ዝርዝር ያንብቡ። 0.4 ግራም ትራንስ ያለው ድርሻ «0» ተብሎ ሊጻፍ ይችል እንደነበር አይርሱ፤ አምስት ድርሻ ሲበሉ 2 ግራም ነው፣ የቀኑ ልክ አለቀ። ዝርዝሩ የሚጻፈው በክብደት ቅደም ተከተል ነው፤ ዘይት ወይም ስኳር መጀመሪያ ላይ ከመጣ በብዛት ያለው እሱ ነው።

በሰው አገር ላሉ አንባቢዎቻችን ጥቂት። እስራኤል ውስጥ ከ2020 ጀምሮ የፊቱ ማሸጊያ ላይ ቀይ ክብ ምልክት አለ፤ «ሹማን ራቩይ» የሚል ከሆነ ሳቹሬትዱ ብዙ ነው ማለት ነው፣ ለጠጣር ምግብ ገደቡ በ100 ግራም 4 ግራም ነው። በዓረብ አገሮች «ዱሁን ሙሸበዓ» የሚለውን ይፈልጉ። አውሮፓ ሰንጠረዡ በ100 ግራም ወይም በ100 ሚሊ ሊትር መጻፍ ስላለበት ሁለት ዕቃ ማወዳደር ቀላል ነው፤ የድርሻ ወጥመድ እዚያ ብዙ አያሠራም። ብሪታንያ ደግሞ እንደ ትራፊክ መብራት ቀለም ትጠቀማለች፤ በ100 ግራም ከ17.5 ግራም በላይ ቅባት ቀይ፣ 3 ግራምና ከዚያ በታች አረንጓዴ።

አሜሪካ ያላችሁ ሥጋ ስትገዙ «80 በመቶ ቀይ ሥጋ» የሚለው አያታልላችሁ። 20 በመቶው ቅባት የተባለው በክብደት ነው፤ በካሎሪ ሲሰላ ከ70 በመቶ በላይ የሚሆነው ከዚያ ቅባት ይመጣል። «2 በመቶ ወተት»ም እንዲሁ ነው። በአንድ ስኒ 5 ግራም ቅባት፣ 120 ካሎሪ፤ 5 ሲባዛ በ9፣ 45። ከሦስት አንድ እጅ በላይ! «ላይት» የሚባለው የወይራ ዘይት ደግሞ የቀለለው ቀለሙና ጣዕሙ ነው፤ ካሎሪው እንደ ሌላው ዘይት ነው።

በግ ስብ የሚያከማቸው ላቱ ላይ፣ ግመል ሻኛዋ ውስጥ ነው። የግመል ሻኛ ውሃ ይዟል የሚለው ተረት ነው። አቮካዶ በ100 ግራም 15 ግራም ቅባት ቢኖረውም ሳቹሬትዱ 2 ግራም ገደማ ብቻ ነው፤ ጭማቂው ላይ የሚከመረው ስኳር ግን የአቮካዶው ጥፋት አይደለም።

ያውቁ ኖሯል? ምጣድ የምናሰስበት ጎመንዘር አውሮፕላን አብርሯል። ዘይቱ ኢሩሲክ አሲድ የሚባል ረጅም ቅባት ስለሚበዛበት ለገበታ ብዙም አይመከርም፤ ለሞተር ግን ተስማማ። በጥቅምት 2012 ካናዳ ውስጥ ከዚሁ ተክል ዘይት በተሠራ ነዳጅ ብቻ አንዲት ጄት በረረች። በጥር 2018 ደግሞ ካንታስ የተባለው የአውስትራሊያ አየር መንገድ ከሎስ አንጀለስ ሜልቦርን ሲበር ከነዳጁ የተወሰነው ከጎመንዘር ነበር።

መምህራን፣ ለሚቀጥለው ትምህርት መጽሐፍ መግዛት አያስፈልጋችሁም። ወላጆችም ዛሬ ማታ የሚጣለውን ላስቲክ፣ ካርቶንና ጀሪካን ጠራርጋችሁ በልጃችሁ ቦርሳ ለክፍሉ ላኩ።